ከቀልዱ ጀርባ ያሉት ሊቅ፦ አለቃ ገብረ ሐና እና ተክሌ አቋቋም

ነፋስ ከጣና ተነስቶ ወደ ፎገራ ሜዳ ሲገሰግስ አስቀድሞ የሚቀበለው የሐይቁ ዳር ደንገል ነው። ደንገሉ ወደ ቀኝ ያዘነብላል፤ ጥቂት ቆይቶ ወደ ግራ ይመለሳል። ጫፉ ይወዛወዛል፤ ሥሩ ግን ከበቀለበት ጭቃ ፈቀቅ አይልም። ከብት ጠባቂው ያየዋል፤ ታንኳ ቀዛፊው ያየዋል፤ አጭዶ ለታንኳ መሥሪያ የሚያደርቀውም ያየዋል። አይቶም ያልፋል።

ከዚሁ ሜዳ የተገኙ አንድ ሊቅ ግን አይተው አላለፉም። የደንገሉን ዝንባሌና የሞገዱን ምላሽ ከቅዱስ ያሬድ ዜማ ጋር አስማምተው፣ ዛሬም ድረስ በበዓላት ሌሊት ካህናት የሚያሸበሽቡበትን ሥርዓት እንዳበጁ ይነገርላቸዋል። ያ ሥርዓት ተክሌ አቋቋም ይባላል። አፍላቂው አለቃ ገብረ ሐና ናቸው።

በሀገሬው ዘንድ አለቃ ገብረ ሐና ሲባል ቀድሞ የሚመጣው ሳቅ ነው። በሰርግ ቤት፣ በቡና ወግ፣ በደቦ ሥራ መካከል ስማቸው ይነሳል። የእርሳቸው የሆነውም ያልሆነውም ቀልድ በእርሳቸው ስም ይነገራል። ሕፃን ሳይቀር አንድ ሁለት ጨዋታቸውን ያውቃል። ከዚያ ሁሉ ተራኪ መካከል ግን እኒህ ሰው የዜማ ሊቅ እንደነበሩ፣ በአካል እንቅስቃሴ የሚገለጥ ጥበብ ለትውልድ እንዳወረሱ የሚያስታውሰው ጥቂቱ ነው። ቀልዱ ገንኖ ሊቁን ጋርዷቸዋል።

አለቃ ገብረ ሐና ደስታ በ1814 ዓ.ም በበጌምድር፣ በፎገራ፣ ናበጋ ጊዮርጊስ በተባለ ቦታ እንደተወለዱ ይነገራል። ናበጋ ከጣና ሐይቅ ጥግ ያለች ምድር ናት። ርብና ጉማራ ከተራራው ያመጡትን ደለል የሚያራግፉት በዚሁ ሜዳ ነው። ክረምት ሲገባ ውኃው ሜዳውን ይሸፍናል፤ ሲሸሽ ደግሞ እርጥቡን ጥቁር አፈርና ለምለሙን ግጦሽ ትቶ ይሄዳል። ዛሬ ፎገራ ሲነሳ ቀድሞ የሚታሰበው ሩዝ በዚያ ዘመን አልነበረም። በሬውና ላሙ፣ ጤፉና ኑጉ፣ ቄጤማውና ደንገሉ ግን ነበሩ። ብላቴናው ገብረ ሐና ዓይናቸውን የገለጡት ውኃ በሚመጣበትና በሚመለስበት፣ ሣር በሚሰግድበትና ቀና በሚልበት ሀገር ነው።

የዚያ ዘመን የትምህርት ጎዳና ረጅምና አድካሚ ነው። ተማሪው ከፊደል ተነስቶ ንባብ ይለያል፤ ዳዊት ይደግማል። ከዚያ ወደ ዜማ ቤት ይገባል፤ ቅኔ ቤት ይወርዳል፤ አቋቋም ይቀጽላል፤ ሲበረታ ወደ መጻሕፍት ትርጓሜ ይሻገራል። ከአንዱ መምህር ወደ ሌላው የሚሻገረው በእግሩ ነው። አኩፋዳውን አንግቦ፣ ደበሎውን ለብሶ፣ በየደጁ ቁራሽ እየለመነ፣ ውሻ እየተከላከለ ይማራል። ገብረ ሐናም በዚህ ጎዳና አልፈው በቅኔው፣ በዜማውና በአቋቋሙ የተመሰገኑ ሆኑ። በፍትሐ ነገሥት ዕውቀታቸውም ይጠቀሳሉ።

በዚህ ላይ ጥቂት ቆም ማለት ያስፈልጋል። አለቃ በኋላ ያመጡት አዲስ ነገር የቆመው በዚህ ትምህርት መሠረት ላይ ነውና።

የቤተ ክርስቲያኒቱ ዜማ መሠረቱ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአክሱም እንደነበረ የሚነገርለት ቅዱስ ያሬድ ነው። ዜማው ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ በሚባሉ ሦስት ስልቶች ይከፈላል። ከጽሑፉ በላይና በታች የሚቀመጡ ምልክቶች አሉት፤ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደትና ቁርጥ ይባላሉ። እነዚህ ምልክቶች ድምፁ የት እንደሚረግጥ፣ የት እንደሚንቀጠቀጥ፣ የት እንደሚወርድና የት እንደሚቆረጥ ያመለክታሉ። ምልክቱ ግን ብቻውን አያስተምርም። ተማሪው ከመምህሩ አፍ ይሰማል፤ ይመልሳል፤ ይታረማል፤ እንደገና ይመልሳል። ድጓውን ዘልቆ ለማስመስከር ዓመታት ይፈጃል። ከዓመቱ በዓላት ለየትኛው የትኛው ቃል እንደሚባል፣ በየትኛው ስልት እንደሚነሳ በቃሉ መያዝ አለበት።

አቋቋም ደግሞ ያ በአፍ የተያዘ ዜማ ወደ አካል የሚወርድበት ትምህርት ነው። መሣሪያዎቹ ሦስት ናቸው፤ መቋሚያ፣ ጸናጽልና ከበሮ። አንድ ቃል መጀመሪያ በቁም ዜማ፣ ያለ ከበሮና ያለ ጸናጽል ይባላል። ቀጥሎ በዝማሜ መቋሚያው ከድምፁ ጋር ይንቀሳቀሳል። በመረግድ ከበሮው ረገብ ብሎ ይገባል፤ እግርና ትከሻ ከምቱ ጋር ይስማማሉ። በጽፋት ምቱ ይፈጥናል፤ እጅ ያጨበጭባል። በወረብ ደግሞ ማኅሌቱ ይደምቃል። አንዱ ቃል እንዲህ ደረጃ በደረጃ ከዝግታ ወደ ፍጥነት፣ ከእርጋታ ወደ ደስታ ይወጣል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው አንድ ሰው አይደለም፤ ፊት ለፊት የቆሙ ሁለት ረድፎች ናቸው። አንዱ መቋሚያውን ያለጊዜው ቢያነሳ ረድፉ ሁሉ ይሰበራል። ስለዚህ የአቋቋም ተማሪ ልክን፣ ጊዜንና ከባልንጀራው ጋር መስማማትን አጥንቱ ውስጥ እስኪገባ ድረስ ይለማመዳል።

ገበሬ ይህን ከማንም በላይ ይረዳዋል። ወይፈን ብቻውን ተጠምዶ እርሻ አይለምድም። ከለመደው በሬ ጋር በአንድ ቀንበር ይያያዛል፤ መስመር ይጠብቃል፤ ሲያፈተልክ ይመለሳል። ቀን ቆጥሮ ግን ቀንበሩን የሚመራው እርሱ ይሆናል።

አለቃ ገብረ ሐና ትምህርታቸውን ዘልቀው በጎንደር በዓታ አገለገሉ። ጎንደር ያን ጊዜ የነገሥታቱ ክብር ቢደበዝዝም የሊቃውንት መናኸሪያነቷ አልጠፋም ነበር። በዓታ ደግሞ የአቋቋም ምስክር ናት፤ በዚያ መቆምና ማስተማር የሙያ ማዕረግ ነው። የዘመነ መሳፍንት ፍጻሜ፣ የዐፄ ቴዎድሮስም መነሳት በእርሳቸው የጉልምስና ዘመን ሆነ። ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ስለነበራቸው ግንኙነት ብዙ ይተረካል። የትረካዎቹ ሁሉ መልእክት አንድ ነው፤ ንጉሡ ዕውቀታቸውንና ፍርዳቸውን ሲወዱ፣ ምላሳቸውን ግን አልወደዱትም።

ያ ምላስ ከሙያቸው የተለየ ነገር አልነበረም። የአለቃን ጨዋታዎች ልብ ብሎ ያደመጠ ሰው አብዛኞቹ በአንድ ፊደል፣ በአንድ የቃል እርባታ፣ በአንድ የድምፅ መጥበቅና መላላት ላይ የቆሙ መሆናቸውን ያስተውላል። አህያ ስትነዳ ያገኟትን ሴት በብዙ ቁጥር ሰላምታ ሰጥተው እርሷንና አህዮቿን አንድ ላይ እንዳደረጉ ይተረካል። ቀልዱ ያለው በሰላምታው ውስጥ አይደለም፤ በአንዲቱ የብዙ ቁጥር ምልክት ውስጥ ነው። ይህ የቅኔ ቤት ትምህርት ነው። ሰምና ወርቅን ለመለየት ቃልን መሰንጠቅ፣ ኅብሩን ማግኘት፣ ውስጠ ወይራውን መሸሸግ በቅኔ ቤት በየዕለቱ የሚሠራ ሥራ ነው። ሌላው ሰው በዐውደ ምሕረት የሚቀኝበትን መሣሪያ አለቃ በመንገድና በግብር አዳራሽም ተጠቀሙበት። ሰው ሳቁን ይዞ ሄደ፤ መሣሪያው ግን ለዓመታት የተሳለ ነበር።

በዜማው በኩል የሆነውም ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። በአንድ ወቅት አለቃ ከጎንደር ርቀው በጣና ዙሪያ ተቀመጡ። አንዳንዶች በሬማ መድኃኔዓለም ገዳም እንደነበሩ ይተርካሉ። ሬማ በሐይቁ ምሥራቅ በኩል ያለች ደሴት ናት፤ ከትውልድ ቀያቸው ከፎገራም አትርቅም። በልጅነት ያዩትን ውኃና ደንገል አሁን በሊቅ ዓይን ደግመው አዩት። ሞገዱ ይመጣል፤ ዳርቻውን ይነካል፤ ይመለሳል። ደንገሉ በነፋሱ ልክ ወደ ጎን ይዘነበላል፤ በነፋሱ ልክ ቀና ይላል። ምቱ አይቸኩልም፤ አይዘገይምም።

በልጅነት ዓይን ይህ ሁሉ ውኃና ሣር ብቻ ነበር። ዝማሜንና መረግድን ለዘመናት በአካላቸው ላይ ላለማመዱ ሊቅ ግን እንቅስቃሴ ሆኖ ተነበበላቸው። አስቀድሞ የነበረው አቋቋም መቋሚያውን ከፍና ዝቅ በማድረግ ላይ ያተኩር ነበር። አለቃ ወደ ጎን የሚሄደውን፣ ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ የሚመላለሰውን ዝንባሌ ጨመሩበት። ትከሻ ከመቋሚያው ጋር፣ መቋሚያው ከዜማው ጋር እንዲወዛወዝ አደረጉ። ረድፉ በሙሉ በአንድነት ሲንቀሳቀስ ከሩቅ ለሚያይ ሰው ሞገድ ይመስላል።

ልብ ሊባል የሚገባው ያልነኩት ነገር ነው። የያሬድ ድርሰት በነበረበት አለ። ሦስቱ ስልቶች በነበሩበት አሉ። ከበሮውም፣ ጸናጽሉም፣ መቋሚያውም አልተለወጡም። አለቃ አዲስ መሣሪያ አላመጡም፤ አዲስ ቃልም አልጻፉም። ያደሱት አካል ዜማውን የሚሸከምበትን መንገድ ነው። ምን ሊለወጥ እንደሚችል ያወቁት ምን ሊለወጥ እንደማይገባው አጥብቀው ስላወቁ ነው። ደንገሉ እንደዚያ የሚወዛወዘው ሥሩ ስለጠነከረ ነው፤ ሥሩ የላላ ሣር በመጀመሪያው ነፋስ ተነቅሎ በውኃው ላይ ይንሳፈፋል።

ይሁን እንጂ አዲሱ አቋቋም በጎንደር በቀላሉ አልተቀበሉትም። ነባሩን ሥርዓት የሚጠብቁት ሊቃውንት እንዳልወደዱትና እንዳልፈቀዱት ይነገራል። በዛሬ ዓይን ሲታይ ይህ ግትርነት ሊመስል ይችላል፤ ፍርዱ ግን እንዲህ የሚያጥር አይደለም። አብዛኛው ትምህርት ከአፍ ወደ ጆሮ፣ ከአካል ወደ አካል በሚተላለፍበት ዓለም አንድ ትውልድ የለወጠውን ቀጣዩ ትውልድ መልሶ የሚያገኝበት መንገድ ጠባብ ነው። ሊቃውንቱ የያዙት ከአባቶቻቸው የተረከቡትን ዘር ነው። ብልህ ገበሬ ለዘር ያስቀመጠውን እህል ሁሉ ባልታወቀ ማሳ ላይ አይበትንም። የሚሞክረውን ከጥግ ላይ ይዘራል፤ ዘሩንም በጎተራ ያኖራል።

ጥጉ ማሳ ደብረ ታቦር ሆነች። አለቃ አዲሱን አቋቋም ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩ። ተክሌም ወደ ደብረ ታቦር ሄዶ ለደቀ መዛሙርት አስተማረው። ከጎንደር ያልተገኘው ጆሮና ዓይን በደብረ ታቦር ተገኘ። ከተማሪ ወደ ተማሪ፣ ከደብር ወደ ደብር ተዛመተ። ሕዝቡም፣ ካህናቱም ሥርዓቱን በአስተማሪው ስም ጠሩት፤ ተክሌ አሉት። ደብረ ታቦር ኢየሱስም የዚህ አቋቋም ማስመስከሪያ ሆና ጸናች። አቋቋሙን ተምሬያለሁ የሚል ሰው ዕውቀቱን የሚያስፈትነው በዚያ ነው።

በዚህ ውስጥ አንድ ነገር አለ። አለቃ ገብረ ሐና በቀልድ ዓለም ያልተናገሩት ሁሉ በስማቸው ተጽፎላቸዋል። በዜማው ዓለም ግን የደከሙበት ሥራ በስማቸው አልተጠራም። ሥርዓቱ እንዲኖር ከእርሳቸው እጅ ወጥቶ በሌላ ሰው አካል ውስጥ መቆም ነበረበት። ጥበብ በአንድ ሰው ውስጥ ብቻ ሲቀር ተሰጥኦ ይባላል፤ ከሰውየውም ጋር ይቀበራል። ሌላው ሊማረው በሚችል ሥርዓት ሲቀመጥ ግን ቅርስ ይሆናል። አለቃ ያዩትን ውበት ወደ ልክ፣ ወደ ምት፣ ወደ እርምጃ ባይቀይሩት ኖሮ ተክሌ የሚያስተምረው ነገር አይኖረውም ነበር።

ኋላም አለቃ ወደ ሸዋ ተሻግረው በእንጦጦ ራጉኤል አገልግለዋል። በዐፄ ምኒልክ ግቢም ይታዩ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ጨዋታቸውን ይወዱ እንደነበር ይተረካል። ከእቴጌ ጣይቱ ጋር ግን ምላሳቸው እንዳጣላቸውና ከከተማ እንዳራቃቸው የሚነገሩ ወጎች ብዙ ናቸው። በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን የተጀመረው በዐፄ ምኒልክ ዘመንም አልቀረም፤ ዕውቀታቸው ወደ ታላላቆች ደጅ ያቀርባቸዋል፤ ቀልዳቸው ደግሞ ያርቃቸዋል። ረጅም ዕድሜ ኖረው በ1898 ዓ.ም አካባቢ አረፉ።

ካረፉ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል። ዛሬ ጎንደርና ተክሌ ሁለቱም በየራሳቸው ምስክር ቤት ይሰጣሉ፤ ሁለቱም በቤተ ክርስቲያኒቱ የተከበሩ ናቸው። አንዱ ሌላውን አላጠፋም። ዘሩም በጎተራ አለ፤ አዲሱም ማሳ አፍርቷል። የጎንደር ሊቃውንት ነባሩን አጥብቀው ባይጠብቁት፣ አለቃም አዲሱን ባያፈልቁት ኖሮ ዛሬ ያለን ሀብት ግማሽ ብቻ በሆነ ነበር።

የአለቃ ሕይወት ለዛሬ ሰው የሚያነሳው ጥያቄ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ይወጣል። ማሲንቆ የሚይዘው ወጣት፣ ክራር የሚከረክረው፣ በየከተማው ድምፁን የሚያስቀርጸው ሁሉ ከሁለት ፈተናዎች አንዱ ያገኘዋል። አንዱ ሳይማሩ መፍጠር ነው። ቅኝቱን ሳይለይ፣ ጆሮውን ሳያሠለጥን አዲስ ነገር አመጣሁ የሚል ሰው የሚያመጣው ብዙ ጊዜ ሌላው የተወውን ነው። ሁለተኛው ተምሮ መቆም ነው። መምህሩ ያሉትን ያለ እንከን ይመልሳል፤ ነገር ግን ነፋስ ሲነፍስ ቀና ብሎ ደንገሉን አያይም። ሙያው አለው፤ የራሱ የሆነ ቃል ግን የለውም።

አለቃ ገብረ ሐና ሁለቱንም ፈተናዎች አልፈዋል። ያለፉትም በአንድ ሌሊት ተአምር አይደለም። የተማሪነቱን ረሃብ ችለው፣ ድጓውን በቃላቸው ይዘው፣ መቋሚያውን ለዓመታት አንስተው ጥለው፣ ከዚያ በኋላ ነው የጣና ሞገድ ትርጉም የሰጣቸው። ሙያው ዓይናቸውን አልሸፈነም፤ ከፈተው እንጂ።

ዛሬ የሚያሳስበው ነገር የማስታወሻችን ሚዛን ነው። ቀልድ ለመትረፍ ብዙ አይጠይቅም፤ አንድ ተራኪና አንድ ሰሚ ይበቁታል። አቋቋም ግን እንዲህ አይተርፍም። በጨለማ ተነስቶ የሚማር ብላቴና ይፈልጋል፤ ስሕተቱን የሚያርም መምህር ይፈልጋል፤ ለዚያ ተማሪ ቁራሽ የሚሰጥ የገበሬ ቤት ይፈልጋል። የአለቃን ወግ እያነሳን የምንስቅ ሁሉ የእርሳቸው ግማሽ ብቻ በእጃችን ነው። ሌላው ግማሽ ያለው በአቋቋም ቤቱ አፈር ላይ፣ መቋሚያ ይዞ በቆመው ተማሪ እጅ ነው። እርሱ ካቋረጠ የሚቀረን ሳቁ ብቻ ይሆናል።

በፎገራ ሜዳ አሁን ከደንገሉ አጠገብ የሩዝ ማሳ ተዘርግቷል። ነፋስ ከጣና ሲነሳ ሩዙም እንደ ደንገሉ ወደ ቀኝ ይሰግዳል፤ ወደ ግራ ይመለሳል። በደብረ ታቦር ደግሞ በበዓል ሌሊት ሁለት ረድፍ ካህናት ፊት ለፊት ይቆማሉ። ከበሮው ረገብ ብሎ ይገባል፤ ጸናጽሉ ይመልሳል፤ መቋሚያዎቹ አንድ ላይ ወደ ጎን ይዘነበላሉ፤ አንድ ላይ ይመለሳሉ። ከረድፉ መካከል ናበጋን ያላየ ተማሪ ሊኖር ይችላል። አካሉ ግን የናበጋን ውኃ ያውቀዋል።